«ልጆቹ ጋ»፦ ደቻቱ ዳር ያለው ችግኝ መሸጫ

ታፔላ የለውም። ስምም የለውም። ሰፈሩ በሙሉ «ልጆቹ ጋ» ነው የሚለው፤ ባጃጅ ይዛችሁ ስትመጡ «ልጆቹ ጋ አውርደኝ» ካላችሁት ሹፌሩ ያውቀዋል። ድሬዳዋ ውስጥ፣ ደቻቱ ወንዝ ዳር ነው። ድሮ ቆሻሻ የሚጣልበት ቦታ ነበር፤ አሁን በእሾህ ታጥሮ ስምንት ወጣቶች ችግኝ ያፈሉበታል። ቀበሌው ቦታውን ሰጣቸው፣ የውሃ መስመር አስገባላቸው፣ ሌላውን ራሳቸው ሠሩት። እኔ መግዛት የጀመርኩት ባለፈው ዓመት ሰኔ ላይ ነው። እስካሁን አምስት ጊዜ ገዝቻለሁ፣ የተከልኳቸውንም ዓመት ሙሉ አይቻቸዋለሁ፤ አንድ ቀን ገብቼ ወጥቼ አይደለም የምጽፈው።

መጀመሪያ ለምን እንደሄድኩ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እዚህ ቦታ ላይ የወደድኩት ነገር ከዚያ ጋር የተያያዘ ነው።

ግቢዬ ውስጥ አጥር ላይ የወጣ ዱባ፣ ሁለት ሎሚና አንድ ፓፓያ አለኝ። ዱባው አምና በደንብ አበበ። ትንንሽ ፍሬ ይይዛል፣ ከዚያ ፍሬው ቢጫ ይሆንና ይረግፋል። ሎሚው ላይ ደግሞ የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ወጣ። አንድ ሱቅ ሄጄ ነገርኳቸው። ሰውየው ምንም ሳይጠይቀኝ በሃይላንድ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ምንም ያልተጻፈበት መድኃኒት ሸጠልኝ። ምን እንደሆነ፣ ስንቱ በስንት ውሃ እንደሚበጠበጥ፣ መቼ እንደሚረጭ፣ አንዱንም አልነገረኝም። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ አበባው ሁሉ ተከፍቶ ሳለ ረጨሁት። በማግስቱ ከዱባውና ከሎሚው ሥር ንቦች ወድቀው አገኘሁ። ልጄ አንድ በአንድ ለቅማ ወረቀት ላይ ደረደረቻቸው፣ ከዚያ «እማዬ፣ እነዚህ ምን አደረጉሽ?» አለችኝ። የምመልስላት አልነበረኝም። ዱባው ከዚያ በኋላ ጭራሽ አንድም ፍሬ አልያዘም።

«ልጆቹ ጋ» የሄድኩት ሌላ የዱባ ዘር ልገዛ ነው። ድሬ እንደምታውቁት አንቱታ ብሎ ነገር የለም፣ ልጁ ገና ነገሩን ስጀምርለት «አቦ፣ መድኃኒት ረጭተሽበታል እንዴ?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ዘሩ ምንም አልሆነም፣ ዘር አልሸጥልሽም» ብሎ ወደ ራሳቸው ዱባ ወሰደኝ። ወንዴ አበባና ሴቴ አበባ ለያይቶ አሳየኝ፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ዱባ የምትመስል እብጠት አላት፣ ወንዴው ቀጥ ያለ ግንድ ብቻ ነው ያለው። ሴቴዋ የምትከፈተው አንድ ጠዋት ብቻ ነው። በዚያች ጠዋት ንብ ከወንዴው ብናኝ ይዛ ካልመጣችላት ፍሬዋ ቢጫ ሆኖ ይወድቃል። አንዴ መጥታ መሄዷም አይበቃም፣ ደጋግማ መምጣት አለባት። «አንቺ ዱባሽን አላከምሽም፣ የዱባሽን አዋላጆች ነው የገደልሽው» አለኝ። ንብ እስክትመለስ ድረስ ደግሞ ወንዴ አበባ ቀጥፌ፣ ቅጠሉን ገንጥዬ፣ በጠዋት ሴቴዋ ላይ በእጄ እንድነካካ አስተማረኝ። ያን ቀን ምንም አልሸጠልኝም። ሦስት አበባ ነካክቼ ሁለቱ ያዙልኝ።

ለእኔ ጥሩ ሻጭ ማለት ይሄ ነው።

በሳምንቱ ተመልሼ ሄድኩ። የገዛሁትን ከነዋጋው ልንገራችሁ፤ እኔ ስገዛ የነበረው ዋጋ ስለሆነ አሁን ሊለያይ ይችላል። በሶብላ በጥቁር ላስቲክ 30 ብር፣ ስድስት ወሰድኩ። ሽፈራው 50 ብር፣ ሁለት። ፓፓያ 60 ብር፣ ሦስት። ቁርቁራ አንድ፣ 80 ብር። የሱፍ አበባ ዘር አንድ እፍኝ በነፃ ጨመሩልኝ። ከአሥራ ሁለቱ ችግኝ የሞተብኝ አንድ በሶብላ ብቻ ነው፣ እሱንም ዶሮ ነው የጫረብኝ። ምክንያቱ ይገባኛል፦ ችግኞቹን ጥላ ውስጥ አሞላቅቀው አያሳድጉም፣ ከመሸጣቸው በፊት ሁለት ሳምንት ፀሐይ ያስለምዷቸዋል። የድሬን ፀሐይ ለማያውቅ ችግኝ እዚህ መምጣት ሞት ነው። ከደጋ በመኪና ተጭኖ የሚመጣ፣ አበባው ተንዠርግጎ የሚያማልል ችግኝ ገዝታችሁ በሦስተኛው ቀን ደርቆ ያገኛችሁት ካላችሁ የምለው ይገባችኋል። ሐረር ለምትኖሩ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል። እናንተ ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናችሁ፣ እኛ 1,200 አካባቢ ነን፤ ልጆቹ ሐረር ለሚወስድ ሰው በሶብላና ሎሚ ይመክራሉ፣ ፓፓያ ግን እንደ እኛ ፈጥኖ አይደርስም ብለው በግልጽ ይናገራሉ።

በሶብላው የሚገርም ነው። እኔ ለወጥ ብቻ ነበር የማውቀው፣ አበባው ሲወጣ እቀጥፈው ነበር። አሁን ግማሹን ለአበባ ትቼዋለሁ። ጠዋት ቡና ሳፈላ ድምፁ ይሰማኛል፤ ንቦቹ ከእያንዳንዷ ነጭ አበባ ሲቀስሙ፣ ትንንሽ ዝንብ የሚያካክሉ የዱር ንቦችም አብረው። ሽፈራው ገና በስምንተኛው ወር አበበ። ፓፓያውን ሦስት ሦስት አድርጌ እንድተክል የነገሩኝም ልጆቹ ናቸው፤ ወንድና ሴት ዛፍ ስላለው፣ እስኪያብብ ድረስ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ ስለማይታወቅ። የድሮው አንዱ ፓፓያዬ ለምን ፍሬ እንደማይሰጥ ያኔ ገባኝ፣ ብቻውን ነበር። የፓፓያን አበባ የሚጎበኙት በብዛት የሌሊት ቢራቢሮዎች ናቸው፣ ሲመሽ የሚወጡት። ስለዚህ ማታ ማታ የግቢውን አምፖል ማጥፋት ጀምሬያለሁ።

አንድ ያስደሰተኝ ነገር፣ የወፍ ቆሎ አይሸጡም። ቢራቢሮ የሚስብ አበባ ስፈልግ መጀመሪያ የጠየቅኩት እሱን ነበር፣ ምክንያቱም ያምራል፣ ቢራቢሮም ይወርድበታል። እምቢ አሉኝ። የወፍ ቆሎ ከውጭ የመጣ ተክል ነው፣ ወፍ ፍሬውን በልታ ዘሩን ትዘራለች፣ ከዚያ የግጦሽ መሬቱን ይውጠዋል። በድሬ ዙሪያ፣ በምሥራቅ ሐረርጌና ወደ ሶማሌ ክልል ሂዱና እዩ። እኛ እኮ በመጤ አረም የተቃጠልን ሰዎች ነን። ቅንጬ አረም በዚህ በምሥራቁ በኩል ስንት ማሳ አበላሸ! ኦሮሞው ገበሬ «ፈረምሲሳ» ያለው ዝም ብሎ አይደለም፣ መሬትህን ፈርመህ ልቀቅ የሚያስብል አረም ነው። ሰው ገንዘብ ይዞ መጥቶ ሲለምናቸው እምቢ የሚሉ ነጋዴዎች ስለሆኑ አከብራቸዋለሁ።

እህቴ ቴክሳስ፣ ሳን አንቶኒዮ ነው የምትኖረው። በስልክ ይሄን ሁሉ ስነግራት «እኛ ከተማ'ኮ ለቢራቢሮ ከንቲባ ነው የሚፈርመው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ በኋላ ሳነብ እውነት ሆኖ አገኘሁት። ሞናርክ የምትባል ብርቱካንማና ጥቁር ቢራቢሮ አለች። ክብደቷ ግማሽ ግራም አካባቢ ነው። በመከር ከካናዳና ከሰሜናዊ ዩናይትድ ስቴትስ ተነስታ እስከ 4,800 ኪሎ ሜትር በርራ ሜክሲኮ ተራሮች ላይ ትከርማለች። ስትመለስ ደግሞ ጉዞውን የምትጨርሰው እሷ አይደለችም፤ መንገድ ላይ ወልዳ ትሞታለች፣ ልጆቿና የልጅ ልጆቿ ናቸው የሚቀጥሉት። ሜክሲኮ ላይ ቢራቢሮዎቹ አንድ በአንድ ስለማይቆጠሩ የሸፈኑት ደን ስፋት ይለካል። በ1996 እ.ኤ.አ. ክረምት ወደ 18 ሄክታር ነበር። በ2013 ክረምት 0.67 ሄክታር ደረሰ። አሥራ ስምንት ሄክታር የሞላ ሕይወት ከአንድ ሄክታር በታች!

ዋናው ምክንያት የሚበላ መጥፋቱ ነው። የሞናርክ አባጨጓሬ አንድ ዓይነት ተክል ብቻ ነው የምትበላው፣ ሚልክዊድ የሚሉትን፤ ሲቆረጥ ወተት የሚያፈስ ነው። ገበሬው በቆሎና አኩሪ አተር ላይ የአረም ማጥፊያ ሲረጭ እሱም አብሮ ጠፋ፣ ከተማ ውስጥ ደግሞ «አረም ነው» ተብሎ ይታጨዳል። በሜክሲኮ ያለው የደን ጭፍጨፋና የአየር ንብረት ለውጥም አለ።

እዚህ ላይ ነው የከተማ አስተዳደሮቹ የገቡት። ሴንት ሉዊስ በ2014 እ.ኤ.አ. 250ኛ ዓመቷን ስታከብር በዚያው ቁጥር 250 የሞናርክ አትክልት ቦታ ይኑረን አለች፤ ሃምሳውን ከተማዋ ልትተክል፣ ሁለት መቶውን ነዋሪው። በ2015 ናሽናል ዋይልድላይፍ ፌዴሬሽን የሚባለው ድርጅት የከንቲባዎች የሞናርክ ቃል ኪዳን የሚባል ነገር ጀመረ። ከንቲባው ከዝርዝሩ ቢያንስ ሦስት ነገር እሠራለሁ ብሎ ይፈርማል። ሳን አንቶኒዮ በዚያው ዓመት በዝርዝሩ የነበሩትን 24ቱንም እሠራለሁ ያለች የመጀመሪያዋ ከተማ ሆነች። ዝርዝሩን ሳየው የገረመኝ ቀላልነቱ ነው። የመንገድ ዳር ሣር የሚታጨድበትን ጊዜ ማስተካከል። ለነዋሪ ዘርና ችግኝ ማደል። ሚልክዊድን እንደ አረም የሚያስቀጣ ደንብ ካለ ማሻሻል። ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ መትከል። ይሄ ሁሉ ቀበሌ የሚሠራው ሥራ ነው፣ የእኛው ቀበሌ ለልጆቹ ቦታና ውሃ ሲሰጥ የሠራው ዓይነት።

ከዚያ የተማርኩት ሌላ ነገርም አለ። በደቡባዊ የዩናይትድ ስቴትስ ግዛቶች ውስጥ ሰዎች ሞናርክን እንርዳ ብለው ከሞቃት አገር የመጣ የሚልክዊድ ዝርያ ተከሉ። ቆንጆ ነው፣ በቀላሉ ይገኛል። ግን በክረምቱ ብርድ ስለማይደርቅ ቢራቢሮዎቹን የሚያጠቃ ጥገኛ ተውሳክ ቅጠሉ ላይ እየተከማቸ በሽታ አስፋፋ፣ መጓዝ የነበረባቸውንም እዚያው አስቀራቸው። ልጆቹ የወፍ ቆሎ አንሸጥም ያሉኝ ትዝ አለኝ። ፍቅር ብቻ አይበቃም፣ የትኛው ተክል ለየትኛው ቦታ እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ፣ ምክንያቱም አለኝ።

የሞናርክ የቅርብ ዘመድ እዚሁ ድሬ አለች። ሁላችሁም አይታችኋታል። ብርቱካንማ፣ የክንፏ ጫፍ ጥቁር ሆኖ ነጭ ነጠብጣብ ያለበት፣ ስትበር የማትቸኩል። የማትቸኩለው ወፍ ስለማይበላት ነው፤ አባጨጓሬዋ ከምትበላው ተክል መርዝ ሰውነቷ ውስጥ ይቀራል። እንዲያውም መርዝ የሌላት ሌላ ቢራቢሮ አለች፣ ሴቷ የእሷን መልክ ይዛ ከወፍ የምታመልጥ። የእኛዋ አባጨጓሬም እንደ ሞናርክ ወተት የሚያፈስ ተክል ነው የምትበላው፣ እዚህ ደግሞ ያ ተክል በዋናነት ጦቢያው ነው። ወፍራም ግራጫ አረንጓዴ ቅጠል ያለው፣ አሸዋ ላይ፣ ደቻቱ ውስጥ፣ ባቡር ሐዲዱ ዳር የሚበቅለው፣ ፍየል እንኳን የማትነካው። ዝናብ በሌለበት፣ ሌላው ሁሉ ሲደርቅ እሱ ያብባል። ትልልቅ ጥቁር ንቦች ይወርዱበታል።

ልጆቹ ጦቢያውን ይነቅሉታል። ጥቅምት ላይ ስሄድ አጥሩ ሥር የነበሩት አራት ቁጥቋጦዎች ተነቅለው ተጥለዋል። ቅጠሎቹን ሳገላብጥ ጥቁር፣ ነጭና ቢጫ ሰንበር ያላቸው፣ ጀርባቸው ላይ ሦስት ጥንድ ጥቁር ቀንድ የመሰለ ያላቸው አባጨጓሬዎች አሉበት። ተናደድኩ። «ስለ ንብ ያስተማራችሁኝ እናንተ አይደላችሁም?» አልኳቸው። ልጁ ደግሞ ምክንያት አለው፦ ወተቱ ዓይን ከገባ አደገኛ ነው፣ ሕፃናት ይመጣሉ፣ «ግቢ ሲፀዳ መጀመሪያ የሚነሳው ጦቢያው ነው፣ እንደዛ ነው የለመድነው» አለ። እውነቱን ነው፣ ወተቱ ዓይን ይጎዳል፣ ልጅ በሚጫወትበት ቦታ መተከል የለበትም። ግን ወንዙ ዳር፣ ከአጥሩ ውጭ፣ ማንም የማይደርስበት ቦታ ሞልቷል። እነዚያን አባጨጓሬዎች ከነቅጠላቸው ይዤ ወንዙ ውስጥ ወዳለ ሌላ ጦቢያው አዛወርኳቸው። አንዱ ልጅ አብሮኝ መጣ፣ ምንም ሳይናገር ግማሹን እሱ ተሸከመው።

በቀጣዩ ጊዜ ስሄድ ከአጥሩ ውጭ ሁለት ጦቢያው ቀርቷል፣ ዙሪያው ድንጋይ ተደርድሮለታል። ይሄን ሳልጽፍ ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል።

ሌላው ቅሬታ ትንንሽ ነው። ችግኞቹ ላይ ስም አይጻፍም፣ የማያውቅ ሰው ሁሉንም መጠየቅ አለበት፣ ቅዳሜ ሰው ሲበዛ ደግሞ የሚመልስ የለም። ደረሰኝ የለም። ከስድስት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ዝግ ነው፣ ይሄ እንኳን የድሬ ወግ ስለሆነ አልቆጥረውም። ኮምፖስታቸው ጥሩ ነው፣ ግን አንዳንዴ ያልበሰለ ይሸጣሉ፤ እጃችሁን ከትታችሁ ሙቀት ካለው ተዉት። የድሬዳዋ ዛፍ ችግኝ ብዙ አላቸው፣ አገር በሙሉ በእኛ ከተማ ስም የሚጠራው ዛፍ መነሻው ማዳጋስካር ቢሆንም ለጥላ የሚያህለው የለም። ቦጋንቪላውን ለውበት ግዙ እንጂ ለንብ ብላችሁ አትግዙ፤ ያ ቀለም ቅጠሉ ነው፣ አበባዋ መሃል ያለችው ትንሿ ነጭ ናት።

ሎሚው ላይ ስለነበረው የወፍ ኩስ የሚመስል ትል ጠይቄያቸዋለሁ። እሱም የቢራቢሮ ልጅ ነው፣ ጥቁርና ቢጫ፣ ትልቅ፣ የሚያምር ቢራቢሮ የሚሆን፤ እያደገ ሲሄድ አረንጓዴ ይሆናል። ትልቅ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ቢበላለት ምንም አይሆንም፤ ገና ችግኝ ከሆነ ብቻ በእጅ ለቅሞ ወደ ትልቁ ማዛወር ነው። የግድ መርጨት ካለባችሁም የኒም ቅጠል ወቅጠው ያዘጋጁት አላቸው፣ ሊትሩ 40 ብር፤ ሲሸጡላችሁ «ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ንብ ቤቷ ከገባች በኋላ» ብለው ሁለት ጊዜ ይደግሙታል። እንደዚያ ብሎ የሚሸጥልኝ ሰው አምና ቢኖር ኖሮ ልጄ ያንን ወረቀት ባልሞላች።

ጎረቤቴ አዴ አምና መድኃኒት ስረጭ አይታ ዝም ብላ ነበር። ዘንድሮ በሶብላውን ስታይ መጥታ «እኔም ጋ ትከዪልኝ» አለችኝ፣ ሁለት ወሰድኩላት። እሷ ደግሞ መጋላ ሰፈር ላለችው እህቷ ላከች። የእኛ መንገድ ላይ አሁን አምስት ቤት አበባ አለ። አንድ ንብ በአምስት ግቢ ስትዞር ማየት ትችላላችሁ፣ አንዱ ቤት ማላታዮን የሚባለውን የተባይ መድኃኒት ከረጨ ግን የአምስቱም ድካም ገደል ይገባል። ለዚህ ነው ነገሩ የአንድ ሰው ግቢ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው። ቀበሌ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናግሬያለሁ፦ የመንገድ ዳር ተክል የሚረጨው ማታ ይሁን፣ ለትምህርት ቤቶች ከሣርና ከዘንባባ ጋር በሶብላና ሽፈራው ይጨመር፣ ደቻቱ ዳር ያለው ጦቢያው ሰው በማይደርስበት ቦታ አይነካ። ወንዙ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ ዳርቻው ላይ ሥር ያለው ነገር ሁሉ ቢቆይ የሚጠላ ድሬ ውስጥ የለም። ሊቀመንበሩ ጽፎ ያዘው። እከታተለዋለሁ።

ከአምስት አራት ኮከብ። አምስተኛውን ስም የተጻፈበት ችግኝ ሳይ እሰጣለሁ።

ለመሄድ ያሰባችሁ፣ ረቡዕ ወይም ሐሙስ ጠዋት ከአንድ እስከ አራት ሰዓት ሂዱ፣ ልጆቹ ሰፊ ጊዜ አላቸው። ካርቶን ይዛችሁ ሂዱ፣ በባጃጅ ችግኙ ይገለበጣል። ድርድር ብዙ የለም፣ ከአምስት በላይ ከገዛችሁ ግን አንድ ይጨምራሉ። የሱፍ አበባ ዘር ጠይቁ፣ ካልጠየቃችሁ አይነግሯችሁም። ስትወጡ ከአጥሩ ውጭ በግራ በኩል ድንጋይ የተደረደረለትን ጦቢያው እዩት፣ ቅጠሉን ከሥር በኩል ገልበጥ አድርጉ፣ ወተቱን ብቻ አትንኩ።